አሥራ ሁለተኛዋ ተጫዋች

ቅዳሜ፣ ከመክፈቻው ጨዋታ በኋላ፣ መልበሻ ክፍል

እጄ ጉንዳን የምንላት ተቀያሪያችን ትከሻ ላይ ነበር። ይህን አሁኑኑ ልጻፈው፤ ነገ ሰው ሲያወራው የገዛ እጄን እንዳልጠራጠር። ቀኝ እጄ ጉንዳን ትከሻ ላይ ነበር፤ አልተነሳም።

በዚህ የኮሌጆች የሴቶች እግር ኳስ ውድድር ቅያሪ የሚቆጣጠር አራተኛ ዳኛ የለም። ስለዚህ እንደ አሠልጣኝ የራሴን ሕግ አውጥቻለሁ። ተቀያሪዋ መስመሩ ላይ ትቆማለች፣ እጄን ትከሻዋ ላይ አደርጋለሁ፣ የምትወጣዋ ሁለት እግሯም ከሜዳ ሲወጣ እጄን አነሳለሁ። ያኔ ትገባለች። ዳኛ ቢጮህ፣ ተመልካች ቢሳደብ፣ እጄ ካልተነሳ አትገባም። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ ያውቁታል።

አንድ ለባዶ እየመራን ነው። ሊያልቅ ትንሽ ቀርቷል። የምትወጣዋ አምበሏ ናት፤ ከሜዳው ወዲያኛው ጥግ። «ስትወጪ አትቸኩዪ» ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ናት፤ ጎንበስ ብላ የታኬታዋን ክር አሰረች፣ ፀጉሯን ፈትታ እንደገና ሰበሰበች፤ ሠርግ የተጠራች እንጂ ሜዳ ውስጥ ያለች አትመስልም።

ከኋላዬ ሌላ እጅ መጣ። የጋሼ እጅ፤ የስፖርት ክፍላችን ኃላፊ። «ካርድ ልታስመዝዙብን ነው እንዴ! ግቢ!» ጉንዳን ከጀርባዋ ተገፋችና እንደ ጥይት ተወረወረች። ዳኛው ፊቱን አዙሯል። የእጅ ውርወራው ተወረወረ፣ ኳሷ ነጥራ ነጥራ አምበሏ እግር ሥር ደረሰች። ምን ታድርግ? ከልጅነቷ ጀምሮ እግሯ ሥር የደረሰን ኳስ መትታ ነው ያደገችው። መታቻት። ወጪዋ አቀበለች፣ ገቢዋ አገባች። ሁለት ለባዶ።

ልጆቹ ተቃቅፈው ሲወድቁ እኔም ሳቄ መጣ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ የተቃራኒ ቡድን አሠልጣኝ ጣቱን ቀስሮ ሲቆጥር አየሁት። አብሬው ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት።

ዞር ስል ጋሼ ከኋላዬ የሉም። የኮሌጁ ዲን አጠገብ ቆመው ያጨበጭባሉ።


እሑድ፣ ቤት

እንቁላል ልገዛ ወጣሁ። ባለ ሱቁ «አሥራ አንድ ነው ወይስ አሥራ ሁለት ልቁጠርልሽ?» አለና በገዛ ቀልዱ እስኪያስለው ሳቀ። ልጁ እኛ ኮሌጅ ይማራል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገብቷል ማለት ነው። «አሥራ ሁለት» ብዬው ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?

እማዬ እግር ኳስ አይገባትም፤ ግን ጠበቃዬ ናት። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት።

«ቆይ፣ ሰው ጎደለ ነው ተረፈ?»

«ተረፈ።»

«ታዲያ ምን አስቆጣቸው? ጎድሎ ቢሆን አንድ ነገር ነው።»

«እማ፣ አይፈቀድም!»

«እሺ፣ እሺ። ማን ነው የገፋት?»

ጋሼ አልኳት። ሳህን ማጠቧን አቆመች። እማዬ እጇ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዝም ካለች ብዙ እየተናገረች ነው። «እኚህ ሰውዬ ጉልበትሽንም...» ብላ ጀመረችና ተወችው። አልጠየቅኳትም። ጉልበቴ ሌላ ታሪክ ነው።

ጋሼ ነገ ራሳቸው ለውድድሩ ኮሚቴ ይናገራሉ። አውቃቸዋለሁ።


ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ጋሼ ቢሯቸው ጠርተው «ቁጭ በይ ልጄ» አሉኝ። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ኮሚቴው ማን አስገባት ብሎ ይጠይቃል። እኔ ተጠባባቂ ወንበር አጠገብ መቆም እንደማይፈቀድልኝ ታውቂያለሽ። የእኔ ስም ከተነሳ የሚቀጣው ክፍሉ ነው፤ የወንዶቹ ቡድንም፣ መረብ ኳሱም። አሠልጣኝ ተሳሳተ ቢባል ግን ያለ ነገር ነው። ወጣት ነሽ። በወሩ ማንም አያስታውሰውም። ለጊዜው ያዢልኝ።»

ያዢልኝ። እንደ ቦርሳ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። የመምህራን ስብሰባ ላይ አፌን ስከፍት ሰዎች ወንበራቸውን ያስተካክላሉ። ዳኛ፣ ሹፌር፣ ባለ ሥልጣን አልፈራም። እሺ ጋሼ!

ፍትሐዊ ልሁን። ከትምህርት ቤት ጀርባ ከወንዶች ጋር ስጫወት አይተው «ይህች ልጅ የማን ናት?» ያሉት እሳቸው ናቸው። አባቴ «ሴት ልጅ ኳስ አትራገጥም» ሲል ቤት ድረስ መጥተው፣ ወንበር ላይ ሳይቀመጡ፣ ቆመው የለመኑልኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ታኬታዬን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አንድ ወር ቦርሳ ቢያዝለት ምን አለበት?


ዓርብ

ጨዋታው በፎርፌ ተወሰደ። ሦስት ነጥብ ሄደ።

እኔ ከዋና ወደ ምክትል አሠልጣኝ። «ለጊዜው።»

ጋሼ በአዳራሹ ለልጆቹ ነገሯቸው። «ስህተቱ የአሠልጣኛችሁ ነው፤ ግን ልጃችን ናት፣ አንጥላትም።» ልጆቹ አጨበጨቡ። ለእኔ አዝነው ነው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን እንጃ።


ሰኞ

አዲሱ ዋና አሠልጣኝ የጂምናስቲክ መምህር ነው። ጎልማሳ፣ ጥሩ ሰው፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ። ፊሽካ ከአንገቱ አይወርድም፤ ልጆቹ ውሃ ሲጠጡም ይነፋል፣ ሲቀመጡም ይነፋል። እረፍት ሳይደርስ ስሙ «ፊሽካ» ሆኖ ቀረ።

ከልምምድ በኋላ ወደ መምህራን ሻይ ቤት ወሰደኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እህቴ፣ ከጨዋታ ውጪ የሚሉትን ነገር በቀስታ አስረጂኝ። ልጆቹ እንዳይሰሙ።»

የጨው ዕቃና ብርጭቆ አሰልፌ አሳየሁት። ብዙ አሰበ።

«ታዲያ ይቺ አጥቂ ሌባ ናታ! ባለቤቱ ሳይመጣ ቤት ገብታ የምትጠብቅ።»

ከዚህ የተሻለ ትርጉም ትምህርት ቤትም አልሰማሁም። ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ አልተቻለኝም።

ደግሞ ዛሬ ሜዳው ጥሩ ነበር። ሣሩ ገና እርጥብ ሆኖ ኳስ ሲንሸራተትበት የሚሰማው ድምፅ አለ፤ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲቀደድ እንደሚሰማው። ሦስተኛውን ልምምድ ልጆቹ ያለ ስህተት ሠሩት። ጉንዳን ሁለት ተከላካይ መሀል ሾልካ ስትወጣ «ወይኔ!» ብዬ ጮህኩ። ዋና ሆንኩ ምክትል፣ ለካ የምጮኸው አንድ ዓይነት ነው።


ሐሙስ

ጉንዳን ኳሶቹን ስትሰበስብ ወደ ኋላ ቀረች። ጉንዳን ያልናት ትንሽ ስለሆነችና ከራሷ የሚበልጥ ተከላካይ ገፍታ ስለምታልፍ ነው። የኮሌጁ የነፃ ትምህርት ዕድል ባይኖር እዚህ አትደርስም ነበር።

«ኮች፣ ያን ቀን... እጅሽ የገፋኝ መስሎኝ ነው የገባሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ ድምፅ ሰማሁ።»

«የማን ድምፅ?»

መሬት መሬት አየች። «አላወቅኩም። የአንቺ ነው ብዬ ነው።»

የእኔ ድምፅ እንዲያ አይጎረንንም። እሷም ታውቃለች። አልጎተጎትኳትም፤ ምስክር ሁኚልኝ ማለት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኳትና የኳስ ከረጢቱን አብረን ተሸከምን።

ጋሼ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አይዞሽ ልጄ፣ ሊረሳ ነው» አሉኝ። እኮ፣ ሊረሳ ነው።


ቅዳሜ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ አውቶቡስ ውስጥ

አሸነፍን። ሦስት ለአንድ። አውቶቡሱ ስለሚንገጫገጭ ጽሑፌ ይሄው። ፊሽካ ከሹፌሩ ጀርባ ቆሞ ይዘፍናል። ልጆቹ «ኮች፣ ዛሬ ስንት ሆነን ነው ያሸነፍነው?» ይላሉ። «አሥራ አንድ!» እላለሁ። «እርግጠኛ ነሽ?» ይላሉ። ከሰባት ጨዋታ አምስቱን አሸንፈናል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነን። ፎርፌው ባይኖር አንደኛ ነበርን። ይህን አላስብም ብያለሁ። እያሰብኩት ነው።


እሑድ

ከጥዋት ጀምሮ ዝናብ። ልምምድ የለም። የቡድናችን ወጌሻ ክፍል ሄጄ ፋሻ ስጠቀልል ዋልኩ፤ ማንም እርጂኝ ሳይለኝ። ወጌሻው ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ትንሽ ይናገራል፣ እጁ ሞቅ ያለ ነው ይላሉ ልጆቹ። ሁለት ሻይ ይዞ መጣ። ለሁሉም ሰው ነው የሚያመጣው።

«ይሄ ጉልበትሽ ዝናብ ሲመጣ ያውቃል አይደል?» አለኝ።

«ከአየር ትንበያው ይሻላል።»

«እንዴት ነው የሆነው?»

ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ነገርኩት። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጋሼ አገኙኝ። ኮሌጅ ሦስት ዓመት በአማካይነት ተጫወትኩ፤ ስምንት ቁጥር። በሦስተኛው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ላይ ጉልበቴ «ቀጭ» አለ። ፍጻሜው በሳምንቱ ነበር። ጋሼ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተንበርክከው ፋሻውን በገዛ እጃቸው ጠመጠሙልኝ። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ልጄ፤ ከዚያ አወጣሻለሁ» አሉኝ። እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። የማሸነፊያዋን ጎል አገባሁ። ዋንጫው እስከ ዛሬ ቢሯቸው ደጃፍ መስታወት ውስጥ አለ። ከዚያ አንድ ክለብ ወሰደኝ፤ አንድ ዓመት ተኩል እያነከስኩ፣ እያሰርኩ፣ እየተወጋሁ ተጫወትኩ። በሃያ ሁለት ዓመቴ አበቃ። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ የታዳጊዎች ቡድን፣ ከዚያ እዚህ።

«የሚያሳዝን ታሪክ አይደለም» አልኩት። «ለመጫወት የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ሃያ።»

«እሳቸውስ?»

ፋሻ መጠቅለሌን ቀጠልኩ። የሰው ዕድሜ ምን ያደርግለታል? ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሻዩ ግን ጥሩ ነበር።


ረቡዕ

ከጎረቤት ኮሌጅ እንግዶች መጥተዋል። የኳስ ከረጢት ተሸክሜ በጋሼ ቢሮ ደጃፍ ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«...ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። እግር ኳሱን ሁሉ አስተማርኳት፤ መቁጠር ብቻ ቀረ!»

ሳቁ። እሳቸው ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ቀልድ ነው። ጋሼ ቀልድ ይወዳሉ።

ምሳ አልበላሁም፤ አልራበኝም ነበር።


ቅዳሜ

አሸነፍን፤ ግን አምበሏ ወደቀች። ለብቻዋ፤ ማንም አልነካትም። ማንም ሳይነካቸው የሚወድቁት ናቸው የሚያስፈሩኝ። ሜዳውን አቋርጬ ስሮጥ የራሴን ጉልበት ረስቼው ነበር።

ወጌሻው ጉልበቷን ብዙ ዳሰሰው፣ አጠፈው፣ ዘረጋው። ሐኪም ቤትም ሄዱ። ጅማቷ ተሰንጥቋል፤ አልተበጠሰም። ካረፈች ይድናል። ካላረፈች ይበጠሳል።

የመጨረሻው ጨዋታ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። መሪዎቹ ከእኛ የሚበልጡት በአንድ ነጥብ ነው።


ማክሰኞ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ልምምድ ጨርሰን መልበሻ ክፍል ስገባ ጋሼ አምበሏ ፊት ተንበርክከዋል። ፋሻ በእጃቸው። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ልጄ፤ ከዚያ አስወጣሻለሁ።»

ልጄ ያሉት እሷን ነው።

ያንገበገበኝ የእሳቸው ነገር አይደለም፤ የእሷ ፊት ነው። ደስ ብሏት ነበር። ከሁሉ መሀል የተመረጠ ሰው ፊት። ያን ፊት አውቀዋለሁ።

«ጋሼ፣ አትጫወትም» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ዋና አሠልጣኝ አለ።»

«ወጌሻው አይሆንም ብሏል።»

ፋሻውን እያጠበቁ ሳቅ አሉ። «ወጌሻ መቼም ይሆናል ብሎ አያውቅ። የያኔው ወጌሻም ስላንቺ ይሄንኑ ነበር ያለኝ፤ ‹ካጫወትካት ጉልበቷ ያልቃል› ብሎ። ይኸው ተጫወትሽ፣ አገባሽ፣ ዋንጫ በላን!»

ሁለት እርምጃ ተጠጋኋቸው።

«ለእርስዎ ነግሮዎት ነበር?»

ያን ጊዜ ምን እንዳሉ የገባቸው መሰለኝ። ፋሻውን አስቀመጡና ተነሱ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። ወጥተው ሄዱ።

ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ይህን ጽፌ ውሃ ልጠጣ ሄድኩ። ተመልሼ አነበብኩት። ያው ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ «እኔ ነኝ የወሰንኩት» ስል ኖሬያለሁ፤ በኩራት።

አምበሏ ደግሞ እኔን ነው የተቆጣችኝ። «የመጨረሻ ዓመቴ ነው ኮች። አንቺ ዋንጫ አንስተሻል፤ እኔ አላነሳሁም። ላንቺ ቀላል ነው።»

«ጅማቱ ተሰንጥቋል። ከተጫወትሽበት ይበጠሳል። ይህን እኔ ነኝ የምነግርሽ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪ።»

ተቆጣች። በሩን በደህናው እግሯ መታችው።


ዓርብ

ጋሼ ትናንት ፊሽካን ጠርተው አምበሏን አስገባት ብለውት ነበር። ለእኔም መልእክት ልከዋል፤ አምበሏ ካልገባች ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሥራ እንድፈልግ። ይህን ቡድን ከባዶ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያለ እሱ ምን እንደምሆን ቁጭ ብዬ ላስብ ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣልኝም። አሰላለፍ የሚያወጣው ፊሽካ ነው፤ ስለዚህ ልለምነው ሄድኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጥሩ ንግግር።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» ብሎ ቀደመኝ። «እኔ የጂምናስቲክ ልጆቼን እግራቸውን ሲያማቸው ከምንጣፉ አስወርዳቸዋለሁ። እግር ኳስ ላይ ይሄ ይለያል?»

«አይለይም።»

«በቃ። አሰላለፉን አንቺ አውጪው፤ ፊሽካውን እኔ እነፋለሁ። ጋሼን ደግሞ አትስጊ፤ የልጆች አባት ነኝ፣ መቆጣት አዲስ አይደለም።»

ንግግሬ ሳይነገር ቀረ። ልስመው ምንም አልቀረኝም ነበር። አምበሏን አስቀርቼ ጉንዳንን ከመጀመሪያው አስገባሁ።


ቅዳሜ፣ ማምሻውን

አንድ ለአንድ። መሪዎቹም አቻ ወጡ። በአንድ ነጥብ ተበልጠን ሁለተኛ ሆንን።

ጎላችንን ጉንዳን አገባች። ከሁለተኛው አጋማሽ ጀምሮ ቀጥቅጠናቸዋል፤ አንዴ አግዳሚው መለሰው፣ አንዴ በረኛቸው በፊቷ መለሰችው። አምበሏ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ አላናገረችኝም። ከዚያ በረኛችንን መምከር ጀመረች፣ ከዚያ ዳኛውን፣ ከዚያ እኔን። ሲያልቅ ድምፅ አልነበራትም። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው።

ከዚያ ጋሼ ከዲኑ ጋር መጡ። ልጆቹ ሁሉ ቆመው ነበር።

«አምበሏ ግማሽ ሰዓት ብትገባ ዋንጫው እዚህ ነበር» አሉ። «ማስታወስ ያለባት ሰው ታስታውሰው።»

ለመናገር አልተዘጋጀሁም። አፌ ራሱ ተናገረ።

«ጋሼ፣ የተበለጥነው በአንድ ነጥብ ነው። በመክፈቻው ሦስት ነጥብ ተወስዶብናል። ጉንዳንን የገፋው እጅ የእርስዎ ነው። ያዢልኝ ስላሉኝ ያዝኩት፤ ከዛሬ ወዲያ አልይዘውም።»

«እዚያ ስንት ሰው ነበር! ማን ያስታውሳል?»

«እኔ» አለች ጉንዳን። ድምጿ ቀጭን ነበር። «የወንድ ድምፅ ነበር። ‹ካርድ ልታስመዝዙብን ነው እንዴ› ነው ያለው። ኮች፣ ያኔም አውቄው ነበር። የነፃ ትምህርት ዕድሌን እንዳይነጥቁኝ ፈርቼ ነው።» ከዚያ አለቀሰች።

አምበሏ በሌለ ድምጿ ጮኸች። «አንቺ ጉንዳን! እኔ እኮ ወጥቼ ሳልጨርስ አቀበልኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ስንት ሌሊት ነው እንቅልፍ ያጣሁት!»

በረኛዋ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ጉንዳንም እያለቀሰች። ዲኑ አልሳቁም፤ ጋሼን ያዩ ነበር። ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉና ሄዱ። ጀርባቸው ድሮ እንዲህ ጎብጦ ነበር? ሳያቸው ቆየሁ። አዘንኩ፤ ግን ጠርቼ አልመለስኳቸውም።


ረቡዕ

ዲኑ ሁለታችንንም ጠሩን። ጋሼ ቀድመው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ» አሉ ዲኑ። «አንቺ ወደ ዋናነትሽ ትመለሻለሽ። ያለፈው ግን ባለበት ይቅር። የአዛውንት ስም ነው።»

ስወጣ ቡድኑ የእኔ እንዲሆን ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዝም ማለት እችልበታለሁ፤ ውድድሩን ሙሉ ዝም ብያለሁ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «ላንቺ ያላደረግኩት ነገር አለ?»

«ብዙ አድርገውልኛል። አባቴን ለምነውልኛል፣ ታኬታ ገዝተውልኛል። አልረሳውም። ግን በጉልበቴ ከፍዬ ጨርሻለሁ ጋሼ። ሲከፈል አላወቅኩም እንጂ።»

ጋሼ የኮታቸውን ቁልፍ ፈትተው መልሰው ቆለፉት።

«ነጥቡ እኮ አይመለስም» አሉ ዲኑ።

«ነጥቡን አልጠየቅኩም። ጉንዳንን ማን እንደገፋት ለኮሚቴው ይነገር፤ በእኔ ስም የተባለው ይሰረዝ። ዋናነቱን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።»

«ላስብበት።»

«ያስቡበት።»

ስወጣ ልቤ ቀለል ብሎታል። ወጌሻው ደረጃው ላይ ሁለት ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱም ቀዝቅዘዋል፤ ብዙ ጠብቆ መሆን አለበት። ለሁሉም ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። በዚያ እያነከሰች የምታልፈው አምበሏ ግን «ለእኔ ሻይ አምጥቶልኝ አያውቅም» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች እንጃ። የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጣነው።

ለእማዬ ስነግራት «ደግ አደረግሽ» ብላ ሳህኗን ማጠብ ቀጠለች። ሳህን እያጠበች ከተናገረች ነገሩ ሰላም ነው።

ዲኑ ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ውድድሩ አልቋል፤ ልጆቹ ግን ሰኞ ልምምድ ይኑረን ብለዋል፣ እኔም ሜዳው ላይ እገኛለሁ። ሊያባርረኝ የሚፈልግ እዚያው መጥቶ ይንገረኝ። እስከዚያው ለራሴ ይህን ልወስን። ሌላ ሰው ያጠፋውን በስሜ አላስወራም፤ ለጊዜውም ቢሆን፣ ለማከብረው ሰውም ቢሆን። የዋና አሠልጣኝ ሥራ እየሠራሁ ምክትል አልባልም። ወጌሻ አይሆንም ያላትን ልጅ ማንም ሜዳ አያስገባም፤ ወጌሻው ያለውንም ከእሷ የሚደብቅ ሰው ወደ ወንበራችን አይጠጋም። ውለታ የዋለልኝም ቢሆን፣ ውለታውን እየጠራ ዝም በይ ቢለኝ፣ ዝም አልልም።